አራት ልብ

ኖልዲ ካላንጊ ጄይኔን የተዋወቃት ጥፋት አጥፍቶ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቶሞሆን ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው አዳራሽ። የክለባችን የወሩ ውድድር ስለነበር ጠረጴዛው ሁሉ ሞልቷል። በእኛ በሚናሃሳ፣ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የማይጫወት ሰው ማግኘት፣ በርበሬ የማይበላ ሰው የማግኘት ያህል ነው። ቄሱም ይጫወታሉ፣ ቅርንፉድ ለቃሚውም ይጫወታል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ከጸሎቱ በኋላ ካርታው ይወጣል።

ኖልዲ ከቶንዳኖ ሐይቅ ዳር የመጣ እንግዳ ነበር። ቤተሰቦቹ ሐይቁ ላይ በመረብ ዓሣ ያረባሉ፤ እሱም መዳፉ በገመድ የሻከረ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ወጣት ነው። ጨዋታው ሲጀመር፣ በሐሳብ ነጉዶ ይሁን በችኮላ፣ ተራው ሳይደርስ ካርታ ጣለ።

«ዳኛ!» አሉ በግራው የተቀመጡት አሮጊት፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

ዳኛዋ ጄይኔ መጣች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳ የሕጉን መጽሐፍ በብብቷ ይዛለች፤ ፀጉሯ ወደ ኋላ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። መጽሐፉን ሳትገልጥ፣ ለአሮጊቷ ያሏቸውን አምስት ምርጫዎች አንድ በአንድ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ነገረቻቸው።

«ሦስተኛውን ይድገሙልኝ» አላት ኖልዲ።

«ምርጫው የእርሳቸው ነው፤ የእርስዎ አይደለም።»

«ማወቅም ይከለከላል እንዴ?»

ደገመችለት። አሮጊቷ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረጉ፣ «እኔ ሰምቻለሁ፤ እሱም በደንብ ሰምቷል። የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው» አሉ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ጄይኔ አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደገና ተጠራች። ያው ሰው፣ ያው ጥፋት።

«ሆን ብለው ነው?» ስትል ጠየቀችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኖልዲ ፈገግ አለ። «ሆን ብሎ የሚያጠፋ ሰው ምን ይፈረድበታል?»

«በዚህ ጨዋታ ሆን ብሎ ከማጥፋት የሚከፋ ጥፋት የለም።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ዓይኖቿን አያት፤ የምሯን ነው። «አላወቅሁም ነበር» አላት። «ከእንግዲህ አይደገምም።»

አልተደገመምም። ውድድሩ ሲያበቃ ግን ማንም ሳያዘው ጠረጴዛዎቹን ሁሉ እያጠፈ ጥግ ላይ ደረደራቸው። ጄይኔ በር ላይ ቆማ ቁልፉን በእጇ ይዛ ጠበቀችው። ሲወጣ በሩን ቆለፈችና በየፊናቸው ሄዱ።

ጄይኔ የኦም ዌሌም ልጅ ናት፤ «ኦም» የምንለው ለታላላቆቻችን ነው፣ አጎት እንደ ማለት። ኦም ዌሌም ሲባል በክፍለ ሀገሩ የማያውቃቸው የለም፤ ጥሩ ተጫዋች ናቸው፣ ጩኸታቸው ደግሞ ከጨዋታቸው ይበልጣል። ልጃቸውን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተጣማሪያቸው አድርገው አስቀምጠዋት ነበር። አንድ ቀን ንግሥቷን ያለቦታዋ ጣልሽ ብለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኹባት። ልጅቷ ካርታዋን በእርጋታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ፓፓ፣ ወደፊት እንዲህ ስትጮህ የማስቆምህ እኔ ነኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ካርታ ትታ ሕጉን ያዘች። ጃካርታ ሄዳ ተፈተነች፤ ዳኛ ሆና ተመለሰች፤ ቃሏንም ጠበቀች።

ኦም ዌሌም ያን ቅዳሜ ኖልዲ ሲጫወት ከኋላው ቆመው አይተውታል። የድሮ ተጣማሪያቸው ልጆቹን ተከትሎ ሩቅ አገር ፓፑዋ ከገባ ወዲህ የሚመጥናቸው ሰው አጥተው ነበር። «የዚህ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ዓሣ ብቻ አይደለም» አሉና ቤታቸው ጠሩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖልዲ ለልምምድ ከዚያ ቤት አልጠፋም። ባዶ እጁን አይመጣም፤ ዓሣውን ለጄይኔ እናት ለማማ ይሰጥና ይቀመጣል። ጄይኔ ከጎን ባለው ክፍል ሆና ታነባለች። አባቷ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ትስላለች፤ ዝም ይላሉ። ኖልዲ ሳሏን በሰማ ቁጥር ካርታውን ወደ ፊቱ ጠጋ ያደርጋል፤ ፈገግታው እንዳይታይ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እስከ ገበያው አብረው ይሄዳሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ቅርንፉድ ዋጋ፣ ስለ አንድ አስቸጋሪ ጨዋታ ያወራሉ። ዋናው ነገር ሲቀር ሁሉንም አወሩ። ኖልዲ ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው። ኦም ዌሌም ገና በመጀመሪያው ወር፣ ዓሣ እየበሉ፣ እንዲህ ብለውት ነበር፦

«ስማ ልጄ። ተጣማሪና አማች አንድ ላይ አይሆንም። ብትጣሉ እኔ ማንን ልይዝ ነው? አማች እንደሆነ ከየትም ይገኛል፤ እንዳንተ የሚጫወት ግን አላገኝም።»

ጄይኔ ይህን ከማማ ሰምታለች። ሰምታም ጠበቀች። ደፍሮ የሚናገርበት ቀን ይመጣል ብላ ጠበቀች።

የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ በዚያ ዓመት ማናዶ ላይ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ተካሄደ። ከአገሩ ሁሉ ጥንዶች መጡ፤ ወደ ዓለም ሻምፒዮና የሚሄዱት ሦስት ጥንዶች ብቻ ናቸው። ኦም ዌሌም ስድሳ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እዚያ በር ላይ ደርሰው ወድቀዋል። አሁን ከኖልዲ ጋር የመጨረሻው ቀን ላይ ሲደርሱ ሦስተኛ ነበሩ።

ጄይኔ ከዳኞቹ አንዷ ነበረች። የዳኞቹ አለቃ ኦም ፌንቼ፣ አባቷ ከሚጫወቱበት ረድፍ ርቃ እንድትሠራ መድበዋታል። የመጨረሻው ዙር ላይ ግን አንዱ ዳኛ ታሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ አዳራሹ በኦም ፌንቼና በእሷ እጅ ቀረ። ኦም ፌንቼ በአንድ ጥግ ውስብስብ ክርክር ይዘው ሳለ፣ ከሌላው ጥግ እጅ ተነሣ። የአባቷ ጠረጴዛ ነው።

እጃቸውን ያነሡት የሱራባያ ከተማዋ ኢቡ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ሱላስትሪ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት፣ ትንሽዬ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት።

የሆነው ይህ ነው። በብሪጅ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ተጣማሪዎች ናቸው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በጨረታ፣ ምን ያህል ዙር እንደሚያሸንፉ ቃል ይገባሉ፤ ከዚያ በቀር አንዱ ለሌላው በቃልም በፊት ገጽታም ምንም መንገር አይችልም። ኖልዲ ልብ በሚባሉት ቀይ ካርታዎች ጨረታውን ከፈተ። ኢቡ ሱላስትሪ በጥቁር ካርታ ገቡበት። ኦም ዌሌም ተራቸው ሲደርስ አሰቡ። አሁንም አሰቡ። ኮርኒሱን አዩ፣ ካርታቸውን አዩ፣ በረጅሙ ተነፈሱ፤ በመጨረሻም «ሦስት ልብ» የሚለውን ካርድ አወጡ። ሦስት ትንሽ ቃል ነው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። ኖልዲ ግን ወዲያው ወደ አራት ከፍ አደረገው። አራት ልብ ትልቁን ክፍያ ያመጣል። ተጫወቱት፤ ሞላላቸው።

«ጨዋታውን አልነቅፍም» አሉ ኢቡ ሱላስትሪ። «ነገር ግን ጌታው ሲያስቡ ሻይ ጠጥቼ ጨርሻለሁ። ያን ያህል የሚያስብ ሰው ከተናገረው በላይ እንዳለው ሕፃንም ያውቃል። ልጁ አራት ያለው ከካርታው ነው ወይስ ከዚያ ትንፋሽ?»

ኦም ዌሌም ተቆጡ። «ማሰብም ወንጀል ሆነ?»

ጄይኔ እጇን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው ነው።

«ማንኛችሁም ከመቀጠላችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዳኛ በጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር ያለውን ዝምድና መናገር አለበት።» ወደ ኢቡ ሱላስትሪ ዞረች። «እኚህ አባቴ ናቸው።»

«እሱን አገር ያውቀዋል» አሉ ኢቡ ሱላስትሪ።

«እሳቸው ደግሞ» አለች ጄይኔ፣ ኖልዲን ሳታይ፣ «የምወዳቸው ሰው ናቸው። ከጠየቁኝ ላገባቸው አስቤአለሁ። ስለዚህ ሌላ ዳኛ የመጠየቅ መብት አላችሁ።»

በአጠገቡ ባሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ ጨዋታው ቆመ። የኖልዲ እጅ ካርታዎቹ ላይ ደርቆ ቀረ። ኦም ዌሌም አፋቸውን ከፍተው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ተጣማሪያቸውን አዩ።

ኢቡ ሱላስትሪ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች በእርጋታ ተመለከቷት። «ይህን አውጥታ የምትናገር ሴት ካልፈረደችልኝ ማን ይፈርድልኛል? ሌላ ዳኛ አልፈልግም» አሉ።

ኦም ፌንቼ ተጠየቁ፤ ሁለቱ ወገን ከተስማማ ትቀጥል አሉ። ኦም ዌሌም ተስማሙ። ልጄ ናት ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ጄይኔ የኖልዲን ካርታዎች በወረቀት ጽፋ፣ ያን ጨዋታ ላላዩ አምስት ብርቱ ተጫዋቾች አሳየች። የማን እንደሆኑ አልነገረቻቸውም። «ጨረታውን በልብ ከፈቱ፤ ተጣማሪዎ ሦስት አለ። ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱ «አራት» አሉ። ሦስቱ «አልፋለሁ» አሉ።

ተመልሳ መጣችና ቆመች።

«ተጣማሪ ሲያመነታ፣ ማመንታቱ ወደሚጠቁመው መንገድ መሄድ አይቻልም፤ ሌላ መንገድ ካለ። እዚህ ላይ ማለፍ ነበረ። ውጤቱ ወደ ሦስት ልብ ይመለሳል።»

«ጄይኔ!» አሉ አባቷ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ይግባኝ ማለት መብትዎ ነው» አለቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ያለቻቸውን አባቷን ያን ቀን «እርስዎ» አለቻቸው፤ ይህ ከፍርዱ ይልቅ ቆረጣቸው።

በዚያ ፍርድ ሦስተኛ የነበሩት አራተኛ ሆኑ። ይግባኙ እንዲሰማ ደግሞ ሁለቱም ተጣማሪዎች መፈረም አለባቸው። ኦም ዌሌም ብዕሩ እስኪጮህ ድረስ ተጭነው ፈረሙ። ኖልዲ ግን ብዕሩን ሳይቀበል ወደ ውጭ ወጣ።

ጄይኔ ከሆቴሉ ጀርባ፣ ባሕሩን የሚያየው ግንብ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ማናዶ ቱዋ ደሴት ከፊቱ ተገትራለች፤ ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ውሃውን ዓይን የሚወጋ አድርጎታል።

«ለምን አልፈረምክም?»

«እንዴት ብዬ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያን ከተናገርሽ በኋላ እኔ ሄጄ አንቺን ኮሚቴ ፊት ላቁምሽ?»

«አቁመኝ።»

ቀና ብሎ አያት።

«ኖልዲ፣ የተናገርኩት ጉቦ አይደለም። አንተ ለእኔ ብለህ ዝም ካልክ ነገ ሰው ምን ይላል? ‹ልጅቷ እወድሃለሁ ብላ አፉን ዘጋችው› ነው የሚለው። ፍርዴ በራሱ እግር ይቁም። መቆም ካቃተው ደግሞ ይውደቅ።»

«ቢሽሩትስ?»

«ከሻሩት ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ፓፓና አንተ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ትሄዳላችሁ፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ደስ እያለኝ እናደዳለሁ።»

ኖልዲ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ። «ያልሽው… እውነት ነው?»

«ዳኛ ሥራ ላይ ሆና ትዋሻለች?»

«ለእኔ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሁለት ዓመት ጠበቅሁህ። ተራው ያንተ ነበር።»

«ተራዬን ሳልጠብቅ መጫወት ያስተውሽኝ አንቺ ነሽ» አላት።

ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ያዘ። ሁለቱም ባሕሩን እንጂ እርስ በርሳቸው አልተያዩም፤ ቢተያዩ ይግባኙን ይረሱት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ገባና ፈረመ።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩት። ሰብሳቢው ኖልዲን፣ «አራት ያልከው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ኦም ዌሌም ወደ ተጣማሪያቸው ተደገፉ። አንድ ቃል ትበቃ ነበር፤ «ካርታዬ ጥሩ ነበር» ቢል ይበቃ ነበር።

«ካርታዬ መካከለኛ ነበር» አለ ኖልዲ። «ከኦም ዌሌም ፊት ለፊት ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሲያስቡ አያቸዋለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። በካርታዬ ብቻ ነው አራት ያልኩት ብዬ መማል አልችልም።»

ፍርዱ ጸና። ኦም ዌሌም ኮፍያቸውን አንሥተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ሦስተኛ ሆነው ያለፉት ኢቡ ሱላስትሪና ተጣማሪያቸው ናቸው። ኢቡ ሱላስትሪ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዳቸው በፊት ጄይኔን ፈልገው አገኟትና፣ «ሰርግሽ ላይ ካልጠራሽኝ፣ እኔም በበኩሌ ይግባኝ እላለሁ» አሏት።

ሰርግ ግን ሩቅ መሰለ። ኦም ዌሌም ካርታ ተዉ። ጠዋት ቅርንፉዱ ተራራ ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ፤ ልጃቸውን «ደህና አደርሽ» ይሏታል፣ ከዚያ አያልፉም። ኖልዲን ጨርሶ አያናግሩም። ኖልዲም አልተወም፤ በየሳምንቱ ዓሣውን አምጥቶ ለማማ ሰጥቶ ይመለሳል። ጄይኔም አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። «ትክክል የሠራሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ችኮላም የለብኝም» አለች። በር ላይ ቆመው ጥቂት ያወራሉ፤ ከወትሮው የተለየው ነገር ቢኖር አሁን ስለ ዝናብ አያወሩም።

በመጨረሻ የተናገሩት ማማ ናቸው። ኦም ዌሌም ምሳ ላይ ሁለተኛውን ዓሣ ወደ ሳህናቸው ሲያደርጉ ማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«የልጁን ዓሣ ትበላለህ፣ ልጁን አታናግርም። ይሄ በየትኛው መጽሐፍ የተጻፈ ሕግ ነው?»

ኦም ዌሌም ዓሣውን አልጨረሱም። በማግስቱ ወደ ተራራው ሳይሆን ወደ ቶንዳኖ ሄዱ።

ኖልዲ ሐይቁ ላይ በተሠራ የቀርከሃ መድረክ ላይ ቆሞ መረብ ሲስብ አገኙት። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ አጠገቡ ቆሙና የመረቡን ሌላ ጫፍ ያዙ። ብዙ ጊዜ አብረው ሳቡ።

«አራት ማለት ፈልጌ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ካርታዬ አራት የሚያስብል ነበር። ፈራሁ። ሁለት ጊዜ እዚያ በር ላይ ወድቄ ሦስተኛው አስፈራኝ። አንተ ድፈርልኝ ብዬ ሦስት አልኩ። ስትደፍርልኝ ደግሞ ዕዳውን አንተና ልጄ ላይ ጫንኩ።»

«ኦም፣ እኔም ማየት አልነበረብኝም።»

«አንተ አየሁ አልክ። እኔ ነኝ አላሳየሁም ያልኩት።» መረቡን አጥብቀው ያዙ። «ልጅቷን ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስተኛውን ምርጫ ከደገመችልኝ ቀን ጀምሮ።»

ኦም ዌሌም ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ አልጠየቁምም። «ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ? ሽማግሌ ይዘህ አትመጣም?»

«ተጣማሪና አማች አንድ ላይ አይሆንም ብለው ፈርደው ነበር።»

«ፈርጄአለሁ!» ጮኹ ኦም ዌሌም፤ በሐይቁ ላይ ያሉ ጀልባዎች ሁሉ ዞረው አዩ። «ተሳስቼ ነው! ይግባኝ በላ፣ አንተ ልጅ!»

ኖልዲ አጎቶቹን ይዞ በሚቀጥለው እሑድ መጣ። ሰርጉ ቅርንፉድ በሚደርቅበት ወራት ሆነ፤ መንገዱ ሁሉ ያውድ ነበር። ኢቡ ሱላስትሪ ከሱራባያ ድረስ መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ ከምግቡ በኋላ ሙሽራውንና አማቱን በካርታ ገጥመው አሸነፏቸው።

ኖልዲና ኦም ዌሌም ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛ ሆነው አለፉ። በዚያው ሰሞን የዓለሙ ፌዴሬሽን ለሻምፒዮናው ከጠራቸው ዳኞች አንዷ ጄይኔ ሆነች። ለአለቆቿ ገና ከመሄዷ በፊት፣ «ባሌና አባቴ ይጫወታሉ» ብላ አሳወቀች፤ የሴቶቹ ውድድር ላይ መደቧት፣ ከእነሱ በሌላ ፎቅ።

በመክፈቻው ጠዋት ሦስቱ አብረው ቁርስ በሉ። ኦም ዌሌም ከቤት ያመጡትን የበርበሬ ጠርሙስ ከኪሳቸው አውጥተው በእንቁላሉ ላይ ሲያፈሱ አስተናጋጁ ደነገጠ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ወረዱ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ጄይኔ ቆመች፤ የዳኛ መታወቂያዋን ከአንገቷ ላይ አስተካከለች።

«ከዚህ በኋላ አላውቃችሁም» አለች።

«እኛስ መቼ እናውቅሻለን!» አሉ አባቷ በኩራት፣ ደረታቸውን ነፍተው ቀድመው እየሄዱ።

ኖልዲ ወደኋላ ቀረት አለ። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የማታውቂኝ?»

«እስከ አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ላይስ?»

አየችው። በዚያ ሁሉ የባዕድ አገር ሰው መካከል፣ ሰውም ቢያይ ግድ ሳይሰጣት፣ የሸሚዙን ኮሌታ በሁለት እጇ አስተካከለችለት።

«አሥራ አንድ ላይ እዚሁ ደረጃ ሥር ና። ሮጠህ ና» አለችና ደረጃውን ወደ ላይ ወጣች።